ለአምስት መስኮት የሚሆን ጨርቅ

በ2016 ዓ.ም. በጋው ሊያልቅ ሲል ነው፣ መጋቢት ላይ። በዚያ ዓመት የእኛ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሞቹ ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። አዳማ በሙሉ ጾመኛ ሆነች። ሙቀቱም በርትቶ ነበር።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ሌላ ልጅ የለኝም። አባቷ ካረፈ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። እኔ ዳቦ እየጋገርኩ ለሰፈር ሱቆች አስረክባለሁ። ጎድሎብን አያውቅም አልልም፤ ግን ጦማችንን አድረን አናውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን።

የልጄ ዓይን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያማታል። ሐኪሙ አለርጂ ነው አለ፤ በአቧራና በፀሐይ ይብስባታል፣ ስታድግ ይተዋታል። ጠብታ አዘዘልን፤ ከኃይለኛ ብርሃን እንድጠብቃትም አደራ አለኝ። ጥላ ውስጥ ከሆነች ከእኔ ይልቅ እሷ ታያለች። መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። ፀሐይ ፊቷ ላይ ካረፈች ግን ዓይኗ ይጨፈናል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ በመዳፏ ታሸዋለች፣ ይቀላል። ጥቁር መነጽር ገዝቼላት ነበር። ልጆቹ «አክተሯ መጣች» እያሉ ሲስቁባት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳው ውስጥ ተሰበረ።

የምትማረው በከሰዓት ፈረቃ ነው። ክፍሏ አምስት መስኮት አለው፤ አምስቱም ወደ ምዕራብ ያያሉ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ወንበሩ ሥር ትገባለች፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ። ይህን የማውቀው አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ስላየሁ ነው።

ርእሰ መምህሩ ያስጠራኝ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መምህሯም ነበረች። ወጣት ናት፣ የደራ ልጅ፤ ስታየኝ «አካም ጅርቱ» ብላ ብድግ አለች። የልጄን ደብተር ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከላይ ቀኑ ተጽፏል። ከቀኑ በታች ምንም የለም። ሌላ ገጽ ገለጠች። ቀን፣ ከዚያ ባዶ። እስከ አራት ገጽ ቆጠርኩና ተውኩት።

«እናት፣ አልደብቅዎትም» አለ ርእሰ መምህሩ። «ልጅቷ ሰሌዳውን አታይም። እዚህ ከምትንገላታ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። አዳሪ ነው። እነሱ ያውቁበታል።»

«ልጄ ታያለች።»

«ደብተሩ ግን ባዶ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያየውን ነው የተናገረው።

«እስከ ፋሲካ ዕረፍት እንያት» አለ። «ለውጥ ከሌለ ደብዳቤውን እጽፍልዎታለሁ።»

ሻሸመኔን አውቃታለሁ። መንገዱም ሩቅ አይደለም። ግን «አዳሪ ነው» ነው ያለኝ። ቤቴ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚተነፍስ የለም።

መምህሯ ውጭ ድረስ ሸኘችኝ። «ጥፋቱ የመስኮቱ ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መጋረጃ ቢኖር ትጽፍ ነበር። ጠይቀናል፣ በጀት የለም ተባልን። እኔ ጋዜጣ ለጥፌ ነበር፤ ነፋሱ በሁለት ቀን ቀደደው።»

«እኔ እሠራለሁ» አልኳት።

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም።»

ሳላስብ ነው ያልኩት። በር ሳልደርስ የጨርቁን ዋጋ ማስላት ጀመርኩ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ብርሃን የማያሳልፈውን ወፍራም ጨርቅ ዋጋ ጠየቅኩ። ሻጩ «ለሳሎን ነው፣ እናቴ?» አለኝ። ለመማሪያ ክፍል ነው ስለው ሜትሩን ከእጁ አኖረና ሳቀ። «ትምህርት ቤቱ አንቺን ነው እንዴ የቀጠረው?» ዋጋውን ነገረኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቤቴ ውስጥ በነፃ ያለኝ ባዶ የዱቄት ማዳበሪያ ነው፤ ያው ነጩ የላስቲክ ጆንያ። ብዙ ነበረኝ። አጥቤ፣ ስፌቱን ፈትቼ፣ ዘርግቼ አንዱን የመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ልጄን «ቀና በይ እስቲ» አልኳት። ቀና አለች፣ ጨፈነች። በሽመናው ቀዳዳ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ይገባል። ድርብ አደረግኩት። እንደዚያው ነው።

ጠቆር ያለ ጨርቅ ያስፈልገኝ ነበር። የት እንዳለም አውቅ ነበር። ሦስት ቀን እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ።

አልጋዬ ሥር ሻንጣ አለ። ውስጡ ከል ነው። ለባለቤቴ ዓመት ሙሉ የለበስኳቸው ሁለት ጥቁር ቀሚሶች፣ እህቶቹ የለበሷቸው ሦስት፣ ጥቁር ነጠላዎችም። ሙት ዓመቱን ያወጣን ዕለት እኔ ቤት ነው ያወለቁት። «ለተቸገረ ስጪልን» ብለው ነጭ ለብሰው ሄዱ። በእኛ ዘንድ ከል ከወለቀ በኋላ ቤት አይከርምም፤ ሌላ ሐዘን ይጠራል ይባላል። ይሰጣል ወይም ይጣላል። እኔ አልሰጠሁም፣ አልጣልኩም። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ወር አለፈ። ለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣውን ሳብኩ። ከላይ ያገኘሁት የራሴን ነው፤ ጫፉ ላይ በጥቁር ክር ጥቁር አበባ የተጠለፈበትን። ከማዳበሪያው በስተውስጥ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ክፍሉ እንደ ጓዳ ቀዘቀዘ። ልጄ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ከዓይኗ ላይ አወረደች። ማዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች።

«እማዬ፣ ዛሬ ሃያ አንድ ነው። የእመቤታችን ቀን ነው።»

ተንበረከክሁ። ፈቃዷ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሌላ ነገር ላለማሰብ የተቀበልኩት ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊው ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ነው የሚሠራው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል፤ የስፌት መኪናቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ጥቁሩን ከዘንቢሌ አውጥቼ ስሰጣቸው በጣታቸው አሹት፣ ገለበጡት፣ ብብቱን አዩት።

«ይሄን ማን ለበሰው?»

«እኔ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ለምን እንዲሆን ነው?»

«ለልጄ ክፍል መጋረጃ።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«መጋረጃ እንደምሠራ ያውቃሉ፣ አባባ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

የቀሩትን ቀሚሶች ከዘንቢሌ አወጣሁላቸው።

«ስሚኝ ልጄ፣ ለእኔ ጨርቅ ጨርቅ ነው። ሰው ግን የማያውቀውን ነገር በልጁ ራስ ላይ ሲያንጠለጥሉበት አይወድም። ንገሪያቸው።»

«እሺ» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። ማዳበሪያውንና ጥቁሩን አነባበሩ። ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጌ ያዝኩላቸው፤ ከእጄ ነጠቁኝ። «ጥቁሩን ለፀሐይ ልትሰጪ ነው? በዚህ ሙቀት ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ልጆቹን እንደ ዳቦሽ ልትጋግሪያቸው ነው እንዴ?» ነጩ ወደ ፀሐይ፣ ጥቁሩ ወደ ውስጥ። ከላይ ሽቦ የሚያልፍበት እጥፋት ተዉ። ከታች ደግሞ ጠጠር የሚገባበት ሌላ እጥፋት፤ የአዳማን ነፋስ እሳቸውም ያውቁታል። ቀሚሶቹ ተፈተው፣ ተቀጣጥለው ለአምስት መስኮት በቁ። ለስፌቱ ምን ልክፈል ስላቸው «ለማፍጠሪያ ዳቦ ታመጪልኛለሽ» አሉኝ። ረመዳን እስኪያልቅ አመጣሁላቸው። በመጣሁ ቁጥር «ነገርሻቸው?» ይሉኛል። «እነግራለሁ» እላለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከመምህሯ ጋር ሰቀልነው። የብረት ማሰሪያ ሽቦ ድርብ አድርገን ገምደን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርን። ብሎኬቱ ሚስማር አልይዝ አለ፤ እየተፈረፈረ ይወድቃል። እንጨት ጠርበን ቀዳዳው ውስጥ ቀረቀርንና ሚስማሩን እንጨቱ ላይ መታን። ያኔ ያዘ። መምህሯ ወንበር ላይ ቆማ ጨርቁን እየዳበሰች «ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ከየት አገኙት?» አለችኝ።

«ቤት የነበረ ነው» አልኳት።

ሐሰት አልነበረም። ግን እውነቱን አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሰኞ ማታ ልጄ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ደብተሯን ሰጠችኝ። ቀኑ ተጽፏል። ከቀኑ በታች ሦስት መስመር አለ። ማክሰኞ ስድስት መስመር። ረቡዕ ገጹ ሞላ፣ ፊደሏ ጠማማ ቢሆንም። ሁለት ዓመት ፍልሰታን ስለ ዓይኗ እየለመንኩ የጾምኩት ለዚህ ነው ብዬ አለቀስኩ። ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ካየሁ ስለ እኔ ይመስለኛል። ከሰው ቀድሜ ወስጃት ከሰው ቀድሜ እመልሳታለሁ።

የታወቀብኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ጎረቤቴ ናት ያወቀችው። አንድ እድር ነን። በባለቤቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የኔን ጓዳ የያዘችው እሷ ናት። ወንድ ልጇ ከልጄ ጋር ይማራል። ያን ጊዜ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ልጇ የረሳውን ደብተር ልትፈልግ ከመውጫው በኋላ ክፍሉ ውስጥ ገባች። እኔ ልጄ ደብተሯን እስክትሰበስብ በሩ ላይ ነበርኩ። ደብተሩን አግኝታ ቀና ስትል የሦስተኛው መስኮት መጋረጃ ጫፍ ፊቷ ላይ ሆነ። ጥልፉን በጣቷ ያዘችው። ቆየች።

«ነይ እስቲ» አለችኝ ሳትዞር።

ገባሁ።

«ይሄ ያ ቀሚስሽ አይደለም?»

ልጄን አየኋት።

«ዓመት ሙሉ እድር ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽበታል። አላውቀውም?»

«ነው።»

«ከል? በልጄ ራስ ላይ ከል ሰቀልሽ?»

«ለልጄ ዓይን ነው፣ ብርሃኑ...»

«የምን ብርሃን! ሆዴን አታይም? የባለፈውን ሕፃን የት እንደቀበርኩት ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ነበርሽ!»

አብሬያት ነበርኩ። ትንሿን ነጭ ጨርቅ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ድምጿን ሰምተው ሌሎች ወላጆች ገቡ። አንዷ «ማን ነው እንዲህ አድርጊ ብሎ የላካት? ጠንቋይ ነው?» አለች። አንድ አባት ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ «መስኮቶቹ ልጄ በሒሳብ ያመጣውን ውጤት አይተው ነው ከል የለበሱለት» አለ። ማንም አልሳቀለትም። እኔ ጠንቋይ የምትለዋ ቃል ላይ ቀርቼ ነበር። ልጄ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች።

ርእሰ መምህሩ መጣ። ግራና ቀኝ ሰማ። «ነገ የጠዋቶቹ ተማሪዎች ሳይገቡ ይውረድ» አለኝ።

«ልጄስ?»

«የሻሸመኔው ነገር እንደተነጋገርነው ነው፣ እናት። ከፋሲካ በፊት።»

መምህሯ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማለች። «ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ» አለች ቀስ ብላ። ከሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

መንገድ ላይ ልጄ እጄን ይዛ ሄደች። ከዋናው አስፋልት ስንታጠፍ «እኔ አውቄው ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቀሚስሽ እንደሆነ። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለምን?»

«አንቺ አልተናገርሽማ።»

ልጄን መደበቅ አስተምሬያታለሁ። ይህ እስከዚያች ሰዓት አልታየኝም ነበር።

ቤት ሳልገባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የንስሐ አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ገና እህል አልቀመሱም። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻንጣውንም፣ ሃያ አንድ ቀኑንም፣ ልብስ ሰፊውንም። ልጄ አጠገቤ ነበረች።

«ጻፈች?» አሉኝ።

«ጻፈች፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጨርቁ ምንም አላደረገም። ጨርቅ ሐዘን አይጠራም። እኛስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ መቅደሱን ጥቁር እናለብሰው የለ? ሕዝቡ ግን ለምን እንደሆነ ያውቃል። አውቆ ነው ሥሩ የሚሰግደው። አንቺ ሰዎቹን ሳታሳውቂ ከሐዘንሽ ሥር አስቀመጥሻቸው።»

«ምን ላድርግ?»

«ይህቺ የተቆጣችሽ ሴት፣ ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

«አጥር ለአጥር ነን።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉኝ። አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ አሰናበቱኝ።

ደብዳቤው ኋላ ሳይጻፍ ቀረ። ልጄ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት፤ ዓይኗም እንደተባለው እየተዋት ነው። ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው መጋረጃው እንደሚወርድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርን፣ እኔና ልጄ። ዘበኛው ከፈተልን። አምስቱንም ራሴ አወረድኩ። ጠጠሩን ከእጥፋቱ አራገፍኩ። ጠቅልዬ ተሸከምኩና ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ልጄ ከቤት ያወጣኋቸውን ሁለት ነጭ አንሶላዎች ይዛለች። የአልጋችን ናቸው፤ ሌላ የለንም።

ጎረቤቴ በሩን ከፍታ አየችኝ፣ ሸክሙን አየች፣ አልገባችም አልወጣችም።

«ይህ ለልጄ አባት የለበስኩት ከል ነው» አልኳት። «ላንቺ ሳልነግርሽ ልጅሽ ራስ ላይ ሰቀልኩት። ይቅር በይኝ። ከፈቀድሽ ጥቁሩን በማዳበሪያውና በአንሶላው መሃል አስገብቼ እሰፋዋለሁ። ልጆቹ ነጭ ብቻ ነው የሚያዩት። ጥቁሩ ግን ውስጡ አለ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ። ካልፈቀድሽ እዚሁ ደጅሽ ላይ አቃጥለዋለሁ።»

ሆዷን በእጇ ይዛ ቆመች። እኔ ደጇ ላይ ተቀመጥኩ፤ መልሷን የምጠብቅበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። መርፌ፣ ክርና ምላጭ አወጣሁ። ክሩ አልገባ አለኝ፤ ላስኩት፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ አልገባም። ልጄ ከእጄ ወሰደችው። ወደ በሩ ጥላ ተጠጋች፣ መርፌውን ከፍ አደረገች፣ ባንድ ጊዜ አስገባችው። ቋጠረችልኝና ሰጠችኝ።

ጎረቤቴ አየቻት።

«ይቺን ነው ሻሸመኔ እንላካት የሚሉት?» አለች።

«አዎ።»

ገባች። በሩ ክፍት ነው፤ ሳጥን ሲከፈት ይሰማኛል። ወጥታ ሦስት አንሶላ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። አንዱ ቢጫ አበባ አለው። «ሁለት አንሶላ ለአምስት መስኮት! መቁጠር አትችዪም?» አለችኝ። ፊቷ አልተፈታም ነበር። በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ ወገቧን ይዛ።

«አንድ ነገር ግን» አለች። «ያ ጥልፍ መሃልም ቢሆን አይገባም። እሱን ቁረጪው።»

የሦስተኛውን መስኮት መጋረጃ ፈለግሁ። ጫፉን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። በስመ አብ ብዬ ምላጩን አስገባሁና ጥልፉን ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን መስኮት አንሥቼ መስፋት ጀመርኩ።